ኤንቢኤ 2ኬ ጥሩ ጌም ነው ወይ? ከጅማ ተጫዋቾች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ላይ በጌም ቤትም በግቢ ዶርምም ስለዚህ የቅርጫት ኳስ ጌም ደጋግመው የሚነሱትን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምረን እንመልሳለን፤ ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኤንቢኤ 2ኬ ምንድን ነው?

የአሜሪካው ኤንቢኤ ሊግ የቅርጫት ኳስ ጌም ነው። 30ዎቹ ቡድኖች ከነተጫዋቾቻቸው፣ ከነማሊያቸውና ከነሜዳቸው አሉበት። የመጀመሪያው በ1999 ወጣ፤ ያኔ ድሪምካስት ለሚባለው የሴጋ መጫወቻ ነበር። የሚሰራው ቪዥዋል ኮንሰፕትስ የሚባል ድርጅት ነው። ከ2005 ጀምሮ ለገበያ የሚያቀርበው ደግሞ 2ኬ የሚባለው ድርጅት ነው።

በየዓመቱ አዲስ ይወጣል። ባለፉት ዓመታት የሚወጣው በእኛ እንቁጣጣሽ አካባቢ ነው። ከስሙ ጎን ያለው ቁጥር የሚቀጥለውን ዓመት ነው የሚያሳየው፤ 2ኬ25 የወጣው በ2024 ነው።

ፊፋ እንጂ ባስኬት ተጫውቼ አላውቅም። ይከብደኛል?

መጀመሪያ ላይ አዎ። ፊፋ ላይ ኳስ ይዞ ማሰብ ይቻላል። እዚህ በ8 ሰከንድ ውስጥ ኳሱን ከራሳችሁ ሜዳ ማሻገር፣ በ24 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ መወርወር ግዴታ ነው። ፊፋ የለመደ እጅ ሁለት ነገር ያስቸግረዋል። አንደኛው የሩጫውን ቁልፍ አለመልቀቅ ነው። አር2ን ተጭናችሁ ከቀራችሁ ተጫዋቹ ይደክማል፤ ሲደክም ሾቱም ይበላሻል። ሁለተኛው ኳስ ለመንጠቅ መቸኮል ነው። ካሬዋን ደጋግማችሁ ስትጫኑ ወይ ፋውል ይነፋባችኋል ወይ ሰውየው አልፏችሁ ይሄዳል።

በፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ኤክስ ፓስ ነው፤ ካሬ ሾት ነው። ስትከላከሉ ሶስት ማዕዘኗ ለብሎክና ለሪባውንድ፣ ማለትም ሳይገባ የተመለሰን ኳስ ለመያዝ ናት። ኤል2 ደግሞ ዝቅ ብሎ ከባላጋራ ፊት ለመቆም ነው። ኳስ ይዛችሁ ኤል1ን ተጭናችሁ ስትቆዩ ጓደኛችሁ መጥቶ ስክሪን ይሰራላችኋል፤ በተከላካያችሁ መንገድ ላይ ቆሞ ያግድላችኋል ማለት ነው። ከሁሉም በፊት ይህችን ልመዱ። በስክሪን የሚጫወት ጀማሪ ለብቻው ድሪብል ከሚያበዛ ልምድ ያለው ሰው ጋር ሳይቀር ተፋልሞ ይወጣል።

ጌም ቤቶቻችን ለምን ፊፋ ላይ ብቻ ናቸው?

እርግጥ ነው ጅማ የእግር ኳስ ከተማ ናት። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ሲወስድ ያየ ልጅ ጆይስቲክ ሲይዝ መጀመሪያ የሚከፍተው እግር ኳስ ነው። ግን የሰዓትም ጉዳይ አለበት። ፊፋ 90 ደቂቃውን ጨምቆ በሩብ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። 2ኬ ላይ የሜዳው ሰዓት የሚቆጥረው እውነተኛ ደቂቃ ነው። አራቱን ክፍል አምስት አምስት ደቂቃ ብታደርጉት 20 ደቂቃ የኳስ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ፋውሉ፣ ቅጣት ምቱና ታይምአውቱ ሲጨመር ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ወረፋ ባለበት ቤት፣ በጨዋታ ለሚያስከፍል ባለቤት ይህ አያዋጣም።

መፍትሄው ቀላል ነው። ከመጫወታችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አንዱን ክፍል ሶስት ደቂቃ አድርጉት። ወይም ባለቤቱን በሰዓት እንዲያስከፍላችሁ ጠይቁት። ዝናቡ ሜዳ ላይ አላስጫውት ሲል፣ ያው የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ አራት ሆናችሁ በሰዓት ተከራይታችሁ እየተቀያየራችሁ መጫወት ነው የሚሻለው።

ከጌሙ ምርጡ ነገር ምንድን ነው?

ሰውን መምሰሉ። ስቴፈን ከሪ ኳሱን ከእጁ የሚለቅበት ፍጥነት፣ የኒኮላ ዮኪች ያልተቻኮለ ፓስ፣ ያኒስ አንቴቶኩምፖ በሁለት እርምጃ ከሶስት ነጥብ መስመር ቅርጫቱ ስር የሚደርስበት አረማመድ፣ ሁሉም የየራሱ ነው። ስሙን ሳታነቡ፣ ከክፍሉ ጥግ ሆናችሁ በአሯሯጡ ብቻ ተጫዋቹን ትለዩታላችሁ። ሌላ የስፖርት ጌም ላይ ይህን ያህል ጥንቃቄ አላየሁም። ልዩነቱም ለዓይን ብቻ አይደለም። ኳሱን ለማን እንደምትሰጡ ይወስናል። ሶስት ነጥብ የማይችል ሰው ጥግ ላይ ብቻውን ቢቆምም ሾቱ አይገባም።

ሁለተኛው ታክቲኩ ነው። ስክሪን ስትሰሩ ተከላካዮቹ ሰው ይለዋወጣሉ። ትልቁ ሰውዬ በድንገት ከፈጣኑ አጭር ልጅ ፊት ይቀራል። ያችን ቅጽበት አይታችሁ መጠቀም አለባችሁ። ያኛው ደግሞ ነቄ ከሆነ ዞን ይሰራል፣ ማለትም ሰው ሳይሆን ቦታ ይጠብቃል፣ ወይም ሁለት ሰው ይልክባችኋል፤ ያኔ አንድ ሰው ክፍት ይሆናል፤ ማን እንደሆነ መፈለግ የእናንተ ስራ ነው። ሁለት እኩል የሚጫወቱ ጓደኛሞች አንድ ቲቪ ፊት ተቀምጠው ሲፋለሙ ጌሙ የምር ይጣፍጣል። እኔ 2ኬን የምወደው በዚህ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ብዙ ነገር ባይኖርም አይቆጨኝም።

ሶስተኛው ታሪክ ማክበሩ ነው። በ2010 የወጣው 2ኬ11 ማይክል ጆርዳንን ሽፋኑ ላይ አውጥቶ የጆርዳንን ታላላቅ ጨዋታዎች እንደገና እንድንጫወታቸው አደረገ። በ1995/96 ከ82 ጨዋታ 72ቱን ያሸነፈውን ቺካጎ ቡልስ ከዛሬዎቹ ቡድኖች ጋር ማጋጠም ይቻላል። ከ2ኬ23 ጀምሮ በአዲሶቹ መጫወቻዎች ላይ ሊጉን ከ1983 መጀመር ይቻላል፤ የቲቪው ምስል ሳይቀር የዚያን ዘመን ይመስላል። እነዚህን ሰዎች በወሬ ብቻ ለምናውቅ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

ትልቁ ድክመቱስ?

ገንዘብ መምጠጡ። ጌሙን በሙሉ ዋጋ ከገዛችሁ በኋላ ማይ ካሪር የሚባለው ክፍል ውስጥ የራሳችሁን ተጫዋች ትፈጥራላችሁ። ተጫዋቹ የሚነሳው 60 ገደማ ከሆነ ደረጃ ነው፤ ምንም አይችልም። እንዲያድግ ቪሲ የሚባለው የጌሙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ቪሲ በመጫወት ይገኛል፤ ግን በጣም ቀስ ብሎ ነው። በእውነተኛ ገንዘብ ሲገዛ ግን ወዲያው ይመጣል። ጫማና ልብስ የምትገዙበትም ችሎታ የምታሳድጉበትም ይኸው ቪሲ ነው። ኦንላይን ስትወጡ ደግሞ ከፍሎ ያደገው ሰው ይጠብቃችኋል። ተለማምዶ የተሻለ ሰው ቢያሸንፈኝ ደስ ይለኛል። ካርድ አውጥቶ የተሻለ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ስፖርት የሚባለውን ነገር ከስሩ ይነካል።

ይህ የእኛ ብቻ ቅሬታ አይደለም። በ2017 የወጣው 2ኬ18 ላይ ጸጉር መቆረጥ እንኳ ቪሲ ያስከፍል ነበር፤ ተጫዋቹ ሲጮህ ዋጋውን ቀነሱ። በ2019 የ2ኬ20 ማስተዋወቂያ ቪዲዮ የቁማር ማሽን የመሰለ ነገር አሳይቶ ብዙ ሰው አስቆጣ። በ2020 ደግሞ 2ኬ21 ውስጥ ጨዋታ እስኪከፈት የማይዘለል ማስታወቂያ ገባበት፤ ከተቃውሞ በኋላ ስህተት ነበር አሉ።

እኛ ጋ ሲመጣ ጣጣው ይብሳል። ኢትዮጵያ በፕሌይስቴሽን መደብር የአገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ሰው የሚገዛው በሌላ አገር አካውንት፣ ወይ ውጭ ባለ ዘመድ በኩል ነው። ስለዚህ ቪሲ ለመግዛት ባትጓጉ ይሻላችኋል። ዘመድን ለጌም ልብስና ጫማ ዶላር ማስቸገር ተገቢ አይመስለኝም።

ቪሲ ሳልገዛ ማይ ካሪርን መጫወት አልችልም?

ትችላላችሁ፤ ትዕግስት ይፈልጋል እንጂ። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚደረጉት የኤንቢኤ ጨዋታዎች ቪሲ ይከፍሏችኋል። ያገኛችሁትን ሁሉ ችሎታ ላይ አውሉት፤ ልብስ አትግዙ። ተጫዋቹን ስትፈጥሩም ሁሉን እንዲችል አታድርጉት። ሾተር ከሆነ ሾተር፣ ሪባውንድ የሚይዝ ከሆነ ያንኑ። አንድ ነገር የሚችል ሰው በትንሽ ቪሲ ቶሎ ለቡድኑ ይጠቅማል። ደረጃችሁ ከፍ እስኪል ኦንላይን ሜዳዎቹ ላይ አትውጡ፤ እዚያ ደካማ ተጫዋች ይዞ ለመጣ ሰው ፓስ የሚሰጥ የለም።

ያለ ኢንተርኔት የሚሰራው የቱ ነው?

አንድ ጨዋታ ብቻ የምትጫወቱበት ፕሌይ ናው፣ ሊጉን በሙሉ የምትመሩበት ማይ ሊግ (በአዲሶቹ መጫወቻዎች ማይ ኤንቢኤ የሚባለው)፣ ብላክቶፕ የሚባለው የሰፈር ሜዳና ልምምዱ ያለ ኔት ይሰራሉ። ማይ ቲም የሚባለው የካርድ መሰብሰቢያ ኔት ይፈልጋል። ማይ ካሪርም በአብዛኛው እንዲሁ ነው፤ የደረሳችሁበት የሚቀመጠው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ጨዋታ መሃል ዋይፋይ ቢቆረጥ የለፋችሁበት ጨዋታ ሊጠፋ ይችላል።

ጥሩ ኔት ስታገኙ አንድ ነገር አድርጉ። አዲሱን የተጫዋቾች ዝርዝር አውርዳችሁ ሴቭ አድርጉት። ከዚያ በኋላ ያለ ኔትም ቢሆን ወደ ሌላ ቡድን የተዛወሩት ተጫዋቾች በየቦታቸው ይሆናሉ።

ኦንላይን ከሰው ጋር መጫወትን በተመለከተ፣ ከጅማ ሆኖ ይከብዳል። ሰርቨሮቹ ሩቅ ናቸው፤ ቁልፉን በተጫናችሁበትና ምስሉ በሚመልስበት መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ሾት በሰከንድ ክፍልፋይ በሚለካበት ጌም ይህ ከባድ ነው።

መብራት ጨዋታ መሃል ቢሄድስ?

ያ ጨዋታ ጠፋ ማለት ነው። ማይ ሊግ ላይ ራሱ ሴቭ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩት፤ ቢያንስ የቀደሙት ጨዋታዎች ይተርፋሉ። መጫወቻው ሴቭ እያደረገ ሳለ መብራት ሲሄድ ፋይሉ ሊበላሽ ስለሚችል፣ አቅም ያለው ሰው ዩፒኤስ ቢያስገባ ለዕቃውም ደህንነት ነው።

የፒኤስ 4ና የፒኤስ 5 ያው ጌም አይደለም?

አይደለም። ስሙና ሽፋኑ አንድ ነው፤ ውስጡ ግን ይለያያል። የፒኤስ 5ቱ እንቅስቃሴው የተሻለ ነው፤ ወደ ድሮ ዘመን የሚመልሰው ማይ ኤንቢኤ ያለውም እሱ ላይ ብቻ ነው። ፒኤስ 4 ላይ የቀድሞው ማይ ሊግ ነው የቀረው። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ያያችሁት ነገር ጌም ቤቱ ፒኤስ 4 ላይ ከሌለ ሲዲው ተበላሽቷል ብላችሁ ባለቤቱን አትውቀሱ።

ፒኤስ 3 ያላችሁ፣ የመጨረሻው የወጣላችሁ 2ኬ18 ነው።

በየዓመቱ አዲሱን መግዛት አለብኝ?

እኔ አልገዛም። ከዓመት ዓመት የሚለወጠው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው፤ አንዳንድ ዓመት ዝርዝሩና ማሊያው ብቻ የታደሰ ይመስላል። ሁለት ሶስት ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ መግዛት በቂ ነው።

ግን አንድ ነገር እወቁ። የድሮዎቹ ሰርቨር ይዘጋል። የ2ኬ21 ሰርቨር በ2022 መጨረሻ፣ የ2ኬ22 በ2023 መጨረሻ፣ የ2ኬ23 በ2024 መጨረሻ ተዘግቷል። ከተወለደ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማይ ቲም የለም፤ በገንዘብ የተገዛ ካርድም አብሮ ይሄዳል። ፕሌይ ናውና ማይ ሊግ ግን ይቀጥላሉ። ከጓደኛ ጋር ቤት ውስጥ ለሚጫወት ሰው ስለዚህ ያገለገለ የድሮ ሲዲ በርካሽ መግዛት አዋጭ ነው። ኦንላይን ለመጫወት ለሚፈልግ ግን ሰርቨሩ የተዘጋ ሲዲ ገንዘብ መጣል ነው፤ ከመክፈላችሁ በፊት ቁጥሩን አረጋግጡ።

ላፕቶፔ ላይ ይሰራል?

አዲሶቹ ከ100 ጊጋባይት በላይ ቦታና ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋሉ። ለትምህርት የተገዛ ተራ ላፕቶፕ አይችላቸውም። በግቢው ዋይፋይ ያን ያህል ማውረድም የሌላውን ተማሪ ኔት ማጨናነቅ ነው። በ2013 የወጣው 2ኬ14 በጣም ቀላል ነው፤ ብዙ ዶርም ውስጥ አሁንም በሕይወት ያለው ለዚህ ነው። ምስሉ አርጅቷል፤ ጨዋታው ግን አላረጀም።

ኮምፒውተር ላይ እስከ 2ኬ24 ድረስ ይወጣ የነበረው የፒኤስ 4 ዓይነቱ ነበር። የፒኤስ 5 ዓይነቱ የመጣው በ2ኬ25 ነው። ኃይለኛ ኮምፒውተር ያለው ሰው ከዚያ ይጀምር። በተረፈ ኪቦርድ ላይ አትጫወቱ፤ ርካሽም ቢሆን ጆይስቲክ ግዙ።

በስልክስ?

በ2018 የወጣው 2ኬ ሞባይል በነጻ ይወርዳል፤ ግን ካርድ መሰብሰብ ላይ የተመሰረተ ነው፤ ቶሎ ይሰለቻል፤ ገንዘብም ይጠይቃል። ለስልክ የተሰራው 2ኬ20 ያለ ኔት ስለሚሰራ እሱ ይሻላል። ስክሪን መንካት የጆይስቲክን ያህል አይታዘዝም፤ ለመንገድ ጊዜ ማሳለፊያ ይሆናል እንጂ ጌሙን በስልክ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ።

ሾቴ ለምን አይገባም? ሰዓቱን ጠብቄ ነው የምለቀው።

መጀመሪያ ቲቪውን ጠርጥሩ። ብዙ ቲቪዎች ምስሉን ለማሳመር ሲያቀነባብሩ ይዘገያሉ። ፊልም ስታዩ አይታወቅም። እዚህ ግን የተጫዋቹ እጅ ከፍ ሲል አይታችሁ ስትለቁ ጌሙ ውስጥ ጊዜው አልፏል። የቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ጌም ሞድ የሚል ምርጫ ካለ አብሩት። ለውጡ ወዲያው ይታወቃል። ጌም ቤት ውስጥ አንዱ ቲቪ ላይ የሚያገባ ሰው ሌላው ላይ ሲስት የምታዩት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰው ግን ጆይስቲኩን ይረግማል።

ቲቪው ደህና ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው ማን ነው የወረወረው የሚለው ነው። የእያንዳንዱ ተጫዋች አወራወር የራሱ ፍጥነት አለው። በከሪ የለመደ እጅ ዘገም ያለ ሾተር ላይ ይቸኩላል። አንድ ቡድን ያዙና የሁለት የሶስት ሰው አወራወር እስኪገባችሁ ልምምድ ላይ ቆዩ። ስትወረውሩ የሚታየውን የሾት መለኪያ ብቻ አትከተሉ፤ የተጫዋቹን እጅ እዩ። እንዲሁም ፊቱ ተከላካይ ያለበት ሰው በትክክለኛው ሰዓት ቢለቅም ይስታል፤ እየሮጠ የወረወረና የደከመም እንዲሁ። ክፍት ሰው እስክታገኙ አንድ ፓስ ጨምሩ።

ኮምፒውተሩ ያጭበረብራል የሚባለው እውነት ነው?

በከፍተኛዎቹ ደረጃዎች፣ ሱፐርስታርና ሆል ኦፍ ፌም በሚባሉት፣ የኮምፒውተሩ ሾት በቀላሉ ይገባል፤ የእናንተ ደግሞ ትንሽ የሰዓት ስህተት አይታለፍለትም። ይህ በድብቅ የሚደረግ አይደለም። ስላይደር በሚባለው ገጽ ላይ ቁጥሮቹ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ መቀየርም ትችላላችሁ። ይህ ራሱ ከጌሙ ጥንካሬዎች አንዱ ነው። ኮምፒውተሩ ሶስት ነጥብ አበዛ ብላችሁ ካሰባችሁ የእሱን ትቀንሱታላችሁ፤ አበቃ።

ፍትሃዊው ቅሬታ ሌላ ነው። ሁለት ተጫዋቾች ሲነካኩ ጌሙ የጀመረውን እንቅስቃሴ ሳይጨርስ አይለቃችሁም። ሰውየው ሊያልፋችሁ ሲል ቁልፍ ትጫናላችሁ፤ ተጫዋቻችሁ ግን ተጣብቆ ይቀራል። እናንተ የማትቆጣጠሯቸው አራቱ ጓደኞቻችሁም አንዳንዴ ቆመው ያያሉ፤ የሚሮጠውን ሰው አይከተሉም። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ተሻሻለ ይባላል፤ አልጠፋም።

ጓደኛዬ አንድ ነገር ብቻ እየደጋገመ ያሸንፈኛል። ምን ላድርግ?

ይህ ቀሽም ጨዋታ ጌሙ ውስጥ ክፍተት ስላለ ነው የሚመጣው። አንዱ ሜዳውን ሙሉ እያሳደደ ይጫናል፤ ሌላው ከሶስት ነጥብ መስመር ወደ ኋላ እየዘለለ ይወረውራል፤ ሌላው በትልቁ ሰውዬ ቅርጫቱ ስር ይገፋል። እያንዳንዱ መልስ አለው። ሜዳ ሙሉ ለሚጫን ሰው ድሪብል ትታችሁ ፈጣን ፓስ ስጡ፤ ሁለት ፓስ ካለፋችሁት በኋላ ቅርጫቱ ስር ሰው የለም። ወደ ኋላ ለሚዘል ሾተር ረጅም ተከላካይ መድቡበት። ስር ለሚገፋው ሁለተኛ ሰው ላኩ።

ካልሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ። እኩል ደረጃ ያላቸው ቡድኖች፣ ሜዳ ሙሉ መጫን የለም ወይም አራተኛ ክፍል ላይ ብቻ ይፈቀዳል፣ እንደፈለጋችሁት። የፊፋ ልጆች ተመሳሳይ ውል አላቸው፤ ነውር የለበትም።

ጌሙ ሜዳ ላይ ስጫወት ይጠቅመኛል?

ለዓይን ይጠቅማል። ስክሪን መቼ እንደሚሰራ፣ ተከላካይ ሲለዋወጥ የት ክፍተት እንደሚፈጠር፣ ጥግ ላይ መቆም ለምን ዋጋ እንዳለው ጌሙ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። አሰልጣኝ ሳያገኙ በዩኒቨርሲቲው ወይ በሰፈር ሜዳ ላይ ለሚያድጉ ልጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እጅንና እግርን ግን አያሰለጥንም። ሾት የሚመጣው በመወርወር ብቻ ነው።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ሕጉ ላይ ነው። ጌሙ የኤንቢኤን ሕግ ነው የሚከተለው፤ እኛ የምንጫወተው በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በፊባ ሕግ ነው። ኤንቢኤ አራት ጊዜ 12 ደቂቃ ነው፤ እኛ 10። እዚያ በስድስተኛው ፋውል ነው የሚወጣው፤ እኛ ጋ በአምስተኛው። የሶስት ነጥብ መስመራቸው ከመሃል በኩል 7.24 ሜትር ይርቃል፤ የእኛ 6.75። ጌሙ ላይ ተከላካይ የሚጠብቀው ሰው በአቅራቢያው ሳይኖር ከሶስት ሰከንድ በላይ ቅርጫቱ ስር ቢቆም ይነፋበታል፤ በፊባ እንዲህ ያለ የተከላካይ ጥፋት የለም። ትልቁን ልጃችሁን ስር ማቆም ትችላላችሁ ማለት ነው።

ሁለት ተጨማሪ አሉ፤ እነዚህን ብዙ ሰው አያውቃቸውም። ኳሱ ቀለበቱን ነክቶ ከላዩ ሲንከባለል በፊባ ሕግ ማንም መትቶ ማውጣት ወይ ማስገባት ይችላል፤ ጌሙ ላይ ይህ ጥፋት ነው። ጌሙ ላይ ደግሞ ኳስ የያዘው ተጫዋች ሲጨንቀው ታይምአውት ይጠራል። ሜዳ ላይ ይህን ብትሞክሩ ዳኛው አይሰማችሁም፤ የሚጠይቀው ከአሰልጣኞች ወገን ነው።

አፍሪካዊ ተጫዋች አለበት? ኢትዮጵያዊ ቡድንስ?

ኢትዮጵያዊ ቡድን የለበትም። አፍሪካውያን ግን አሉ፤ ትንንሾችም አይደሉም። ሌጎስ ተወልዶ ያደገው ሃኪም ኦላጁዋን ከ1993/94ቱ ሂውስተን ጋር ሊገኝ ይችላል። ሃኪም ባስኬት የጀመረው በ15 ዓመቱ ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት እግር ኳስና እጅ ኳስ ነበር የሚጫወተው። በ1994 የዓመቱ ኮከብ፣ ምርጥ ተከላካይና የፍጻሜው ኮከብ ሆኗል። ያውንዴ የተወለደው ጆኤል ኤምቢድና ዱዋላ የተወለደው ፓስካል ሲያካምም አሉ። ኤምቢድ በ2023 የዓመቱ ኮከብ ሆኗል። ዘግይቶ መጀመር መቅረት እንዳልሆነ ለሚጠይቁ ልጆች እነዚህን ሰዎች አሳዩዋቸው።

ለሴቶችም አለ። ከ2ኬ20 ጀምሮ የአሜሪካ የሴቶች ሊግ ቡድኖች ገብተዋል። በኤጃ ዊልሰን ተጫወቱ፤ ቅርጫቱ ስር የሚያቆማት የለም።

የጅማ ቡድን ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ትሰሩታላችሁ። ማይ ሊግ ውስጥ ሊጉን እስከ 36 ቡድን ማስፋት፣ ስምና ማሊያ መስጠት፣ ተጫዋች በጓደኞቻችሁ ቁመትና መልክ መፍጠር ይቻላል። ይህ ያለ ቪሲ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሰራ ነገር ነው። ጌሙ ውስጥ ብዙ ሰው ያልነካው ክፍል ይሄ ነው፤ እኔ ግን በጣም እመክረዋለሁ።

ልጄ ቢጫወተው ጉዳት አለው?

ጌሙ ውስጥ ደም ወይም ጸያፍ ነገር የለም፤ ለሁሉም ዕድሜ የተፈቀደ ነው። እናት አባት ሊያዩት የሚገባው ማይ ቲምን ነው። እዚያ ምን እንደሚወጣ ሳይታወቅ ፓኬት ይከፈታል፤ ጥሩ ተጫዋች ይወጣል ተብሎ ገንዘብ ይከፈላል። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ በ2018 እንዲህ ያለውን ነገር ቁማር ነው ብሎ በመወሰኑ እዚያ አገር ፓኬት በገንዘብ መግዛት ቀርቷል። እኛ ጋ የሚከለክል የለም። ስለዚህ ልጁ በሚጫወትበት አካውንት ላይ ካርድ አታስገቡ፤ ዘመድ የላከውንም የስጦታ ኮድ በልጁ እጅ አትተዉት። ማይ ሊግና ፕሌይ ናው ይበቁታል።

ይህን ያህል ቅሬታ ካለ ለምን ሌላ ጌም አይመጣም?

ነበረ። የፊፋ ጌም አውጪ የነበረው የኢኤ ኤንቢኤ ላይቭ በ1990ዎቹ የሜዳው ንጉሥ ነበር። በ2010 ኤንቢኤ ኢሊት 11 ብለው አዲስ ነገር ሊያወጡ ሲሉ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ተሰረዘ። በዚያው ሰሞን 2ኬ11 ጆርዳንን ይዞ ወጣ። ላይቭ ከዚያ በኋላ በእግሩ አልቆመም፤ ለፕሌይስቴሽንና ለኤክስቦክስ የመጨረሻው የወጣው በ2018 የወጣው ላይቭ 19 ነው። ተፎካካሪ የሌለው ድርጅት ዋጋ የሚቀንስበት ምክንያት የለውም። የቪሲው ነገር ከዓመት ዓመት እየባሰ የመጣው በዋናነት ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

የሰበሰብኩት ቪሲ ወደ ሚቀጥለው ዓመት ጌም ይተላለፋል?

አይተላለፍም። አዲሱን ስትገዙ ተጫዋቻችሁ እንደገና ከታች ይጀምራል፤ ቪሲውም ካርዱም የቀድሞው ጌም ላይ ይቀራል። በአንድ ዓመት ጌም ውስጥ ከፒኤስ 4 ወደ ፒኤስ 5 ስትሻገሩ ግን፣ አካውንታችሁ አንድ ከሆነ፣ የቪሲ ቦርሳችሁ የጋራ ነው፤ የፈጠራችሁት ተጫዋች ግን አብሮ አይሻገርም። ያላችሁን ቪሲ አዲሱ ሳይወጣ ተጠቀሙበት፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ በጭራሽ አትግዙ፤ እንቁጣጣሽ ላይ አዲሱ ይመጣል።